የኑክሌር ኃይልን በአካባቢ ሚዛን ማስመዘን፦ በጎንደር የተማሪዎች ክርክር ለሚያዘጋጁ መምህራን

ባለፈው ዓመት ለትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብ «የኑክሌር ኃይል ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?» የሚል የክርክር ርዕስ ሰጥቼ ነበር። አንደኛው ወገን ኑክሌር ጭስ የለውም አለ፣ ሌላው ወገን የቼርኖቤልን የኑክሌር አደጋ ጠራ፣ ከዚያ በኋላ የተነገረው ሁሉ የእነዚሁ የሁለቱ ድግግሞሽ ሆነ። ጥፋቱ የርዕሱ ነበር፤ ርዕሱን የጻፍሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ኑክሌር ከምን ጋር እንደሚወዳደር፣ የት እንደሚተከልና ለስንት ዘመን እንደሚታሰብ ሳይነገራቸው ልጆቹ የሚመዝኑት ነገር አልነበራቸውም። ከዚያ ወዲህ ያስተካከልሁትን አካሄድ ለሌሎች መምህራን ይጠቅም እንደሆነ ብዬ እነሆ ጽፌዋለሁ።

ጉዳዩም ከመጽሐፍ ወጥቶ ወደ ቤታችን ቀርቧል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ በመስከረም 2018 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያና ሩሲያ በኢትዮጵያ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት የሚያስችል የድርጊት መርሐ ግብር በሞስኮ ተፈራርመዋል። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያልተባለባቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ርዕሱን መቅረጽ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ መጀመሪያ የንጽጽሩን ወገን ይወስኑ። ተማሪዎች ከኢንተርኔት የሚያገኙት አብዛኛው ጽሑፍ ኑክሌርን ከድንጋይ ከሰል ጋር የሚያነጻጽር ነው፤ ይህ ለፖላንድ ወይም ለደቡብ አፍሪካ የሚስማማ ንጽጽር ሲሆን ለእኛ ግን አይገጥምም። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል በሙሉ የሚመነጨው ከውሃ ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ከነፋስ ነው። ጎንደር ውስጥ ጭስ የሚያጨሰው ማመንጫው ሳይሆን የቤታችን ከሰልና ማገዶ ነው። ስለዚህ «ኢትዮጵያ በሚቀጥሉት 20 ዓመታት ለሚያስፈልጋት ተጨማሪ ኤሌክትሪክ ከውሃ፣ ከነፋስ፣ ከፀሐይና ከከርሰ ምድር እንፋሎት ጎን የኑክሌር ማመንጫ ብትጨምር ለአካባቢዋ ይበጃል» የሚለው ዓይነት ርዕስ ይሻላል። ይህ ርዕስ ደጋፊውን ወገን ስለ ድርቅ እንዲያስብ ያስገድደዋል፤ ዝናብ ሲጠፋ ግድብ ይቀንሳልና። ተቃዋሚውንም ወገን ግድብም ቢሆን ዋጋ እንዳለው እንዲያምን ያደርገዋል፤ የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ውሃው ወደ ማመንጫ ከመወሰዱ በፊት ያየ ሰው ይህን ለማመን ብዙ ማስረጃ አይፈልግም።

በአንድ ምጣድ መለካት

ቁጥር ሲበዛ ተማሪ ይደነዝዛል፤ ስለዚህ ሁሉንም ወደ አንድ ምጣድ እናወርደዋለን። 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለአንድ ሰዓት እንጀራ ቢጋገርበት 3.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ጉባኤ በ2014 ባወጣው ሪፖርት፣ ከማዕድን ማውጣትና ከግንባታ ጀምሮ እስከ ፍርስራሽ ማንሣት ያለው ሁሉ ተደምሮ፣ በአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት የሚለቀቀው የበካይ ጋዝ መካከለኛ ግምት በካርቦን ዳይኦክሳይድ ተተምኖ ለድንጋይ ከሰል 820 ግራም፣ ለተፈጥሮ ጋዝ 490፣ ለውሃ ኃይል 24፣ ለኑክሌር 12፣ በየብስ ላይ ለሚተከል የነፋስ ኃይል 11 ግራም ነው። ማባዛቱን ለልጆቹ ይተዉላቸው፦ የአንድ ሰዓቱ ጋገራ በድንጋይ ከሰል 2.9 ኪሎ ግራም ገደማ፣ በኑክሌር 42 ግራም፣ በውሃ 84 ግራም ይሆናል። ደጋፊው ወገን እዚህ ላይ መደሰቱ አይቀርም፤ ነገር ግን ከነፋስ ጋር ሲተያይ ልዩነት እንደሌለ፣ ከውሃ ጋር ያለውም ልዩነት ከከሰሉ አንጻር ኢምንት እንደሆነ አንድ ሰው ሊያስታውሰው ይገባል።

ቀጥሎ ዝቃጩን በዚያው ምጣድ ይለኩ። 1,000 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ሪአክተር (የኑክሌር ነዳጁ ሙቀት የሚሰጥበት የማመንጫው ልብ) በዓመት ወደ 27 ቶን ያገለገለ ነዳጅ፣ ማለትም ኃይሉን ሰጥቶ የወጣ የዩራኒየም ነዳጅ፣ ያወጣል፤ በተመሳሳይ መጠን የሚያመነጭ የከሰል ጣቢያ ደግሞ በዓመት ወደ ሦስት ሚሊዮን ቶን የድንጋይ ከሰል ያነድዳል። ሪአክተሩ ከዓመቱ ዘጠኝ አሥረኛውን ቢሠራ 7.9 ቢሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል፤ ስለዚህ የጋገራችን ድርሻ 12 ሚሊ ግራም ያገለገለ ነዳጅ ነው፤ በክብደት አርባ የጤፍ ፍሬ ገደማ ማለት ነው። ዝቃጩ «ተራራ ያክላል» የሚለው አነጋገር እዚህ ይወድቃል። «ትንሽ ስለሆነ አያስጨንቅም» የሚለው ግን ገና አልተፈተነም፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

ውሃና ማዕድን

ውሃ ለጎንደር ሰው ቀልድ አይደለም። የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ ጀሪካን ይዞ መሰለፍ የለመደ ተማሪ፣ ሪአክተር ለማቀዝቀዣ ስንት ውሃ እንደሚፈልግ ሲሰማ ጆሮው ይቆማል። የማቀዝቀዣ ማማ ያለው ባለ 1,000 ሜጋ ዋት ሪአክተር በቀን ወደ 50 ሚሊዮን ሊትር ውሃ በትነት ያጣል። ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ብንመድብ ይህ የአንድ ሚሊዮን ሰው ድርሻ ነው። ተቃዋሚው ወገን ይህን ቁጥር ሲያነሣ አዳራሹ ማጉረምረሙ አይቀርም፤ ስለዚህ ለደጋፊው ወገን መልሱን አስቀድመው ያስፈልጉት። የጣና ሐይቅ ስፋት ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሚሆን፣ ከሐይቁ ላይ አንዲት ሚሊ ሜትር ውሃ ብትነሣ 3 ቢሊዮን ሊትር ናት፤ ሪአክተሩ ይህችን ለመጨረስ ሁለት ወር ይፈጅበታል። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው። ሊጠየቅ የሚገባው ውሃው ከየትኛው ምንጭ፣ በየትኛው ወር እንደሚቀዳና ሞቆ የሚመለሰው ውሃ ወዴት እንደሚፈስ ነው። ፈረንሳይ በ2003ና በ2022 በኃይለኛ ሙቀት ወንዞቿ ሲግሉ የአንዳንድ ሪአክተሮቿን ምርት ቀንሳለች። በሌላ በኩል በአሜሪካ አሪዞና በረሃ ያለው የፓሎ ቨርዴ ማመንጫ የሚቀዘቅዘው ከከተሞች በሚመጣ በተጣራ የፍሳሽ ውሃ ነው።

ስለ ማዕድኑ ተማሪዎች አያነሡም፤ እርስዎ ያንሡላቸው። የኑክሌር ንጽሕና የሚነገረው ብዙውን ጊዜ ከሪአክተሩ በር ጀምሮ ነው፤ ዩራኒየሙ ግን ከአንድ ሰው አገር ተቆፍሮ ይመጣል። ኒጀር ውስጥ በአርሊት አቅራቢያ የነበረው የአኩታ ማዕድን ከአርባ ዓመት በላይ ሠርቶ በ2021 ሲዘጋ ወደ 20 ሚሊዮን ቶን የሚሆን ራዲዮአክቲቭ (ጨረር የሚያወጣ) የማዕድን ዝቃጭ በዚያው በረሃ ቀርቷል። ዩራኒየሙ ተለይቶ ሲወጣ ራዲየምን የመሳሰሉት ከማዕድኑ ጋር የኖሩ ንጥረ ነገሮች በዝቃጩ ውስጥ ስለሚቀሩ፣ የአፈሩ ጨረር አብዛኛው ከዩራኒየሙ ጋር አይሄድም። መብራቱ አውሮፓ በራ፣ አቧራው ኒጀር ቀረ። በእኔ አመለካከት ለተቃዋሚው ወገን ከቼርኖቤል የበለጠ የሚጠቅመው ይህ ነው።

ስለ አደጋዎች

አደጋዎቹን ረስተው አይለፉ፤ ግን ክርክሩን እንዲውጡት አይፍቀዱ። የቼርኖቤሉ ሪአክተር ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም. ሲፈነዳ በዙሪያው 30 ኪሎ ሜትር መሬት ከነዋሪ ጸዳ፤ በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ጃፓን ውስጥ ፉኩሺማ ላይ በደረሰው የኑክሌር አደጋ ከ150,000 የሚበልጥ ሰው ቤቱን ለቀቀ። ከጣቢያው በ30 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለውን በካርታ ላይ በኮምፓስ እንዲያከብቡ ማድረግ ይበቃል፤ ማዕከሉን ጎንደር ፒያሳ ላይ ቢያደርጉት አዘዞን አልፎ እንደሚሄድ ራሳቸው ያያሉ። በአንጻሩ ለተመሳሳይ የኤሌክትሪክ መጠን የድንጋይ ከሰል ጭስ በዝምታ የሚገድለው ሰው፣ እነዚህ ሁለት አደጋዎች ተቆጥረውም እንኳ፣ ከኑክሌሩ በብዙ መቶ እጥፍ ይበልጣል። ጭስ ስለማይፈነዳ ዜና አይሆንም።

ዝቃጩን መከተል

የክርክሩ ዋና ክፍል ይህ ነው፤ ከዝግጅቱ ጊዜ ግማሹን ለዚህ ይስጡ።

በመጀመሪያ «የኑክሌር ዝቃጭ» የሚለውን ቃል ይክፈሉት። በመጠን ሲታይ ዘጠና በመቶ ገደማ የሚሆነው ጓንት፣ ልብስ፣ ማጣሪያና መሣሪያ ሲሆን ከጠቅላላው ጨረር አንድ በመቶ ያህሉን ብቻ ይይዛል፤ በመጠን ሦስት በመቶ የሚሆነው ከፍተኛ ዝቃጭ፣ በዋናነት ያገለገለው ነዳጅ፣ ደግሞ ዘጠና አምስት በመቶውን ጨረር ይሸከማል። ደቡብ አፍሪካ ከኬፕታውን አጠገብ ያለው የኩበርግ ማመንጫዋ የሚያወጣውን ጨረሩ ዝቅተኛና መካከለኛ የሆነ ዝቃጭ ከ1986 ጀምሮ ቫልፑትስ በተባለ ስፍራ ትቀብራለች። ያገለገለው ነዳጅ ግን እዚያ አይቀበርም፤ እስካሁን ያለው በማመንጫው ግቢ ነው። በሌላውም ዓለም በአብዛኛው ታሪኩ ተመሳሳይ ነው፦ ነዳጁ ከሪአክተር ሲወጣ ለዓመታት በውሃ ገንዳ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያም በብረትና በኮንክሪት ወፍራም ማከማቻ ይታሸጋል፣ እዚያው ተቀምጦም መጨረሻውን ይጠብቃል።

ቀጥሎ ዘመኑን በእጃቸው ያስይዟቸው። 1,024 ፍሬ ሽምብራ ያዘጋጁ (ጥሬ ይሁን፤ የተቆላ ከሆነ ከትምህርቱ በፊት ያልቃል)። በእያንዳንዱ ዙር ግማሹን ያስወጧቸው፤ በአሥረኛው ዙር አንዲት ፍሬ ትቀራለች። ካገለገለ ነዳጅ ውስጥ ካሉት አደገኛ ነገሮች ሴዚየም 137 በየ30 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ስለዚህ አሥሩ ዙር 300 ዓመት ነው። አሁን ወደ ፋሲል ግቢ ያመልክቷቸው። ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን በቆረቆሩበት በ1636 ሴዚየም ታሽጎ ከቤተ መንግሥቱ ሥር ተቀብሮ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ የሚቀረው ከስምንት ሺህ አንድ እጅ ገደማ ነበር። ያ ግንብ ጦርነትንም ቦምብንም ችሎ ቆሟል፤ የ300 ዓመት ጥበቃ የሰው ልጅ የማይችለው ነገር እንዳልሆነ ምስክሩ ደጃችን ላይ ነው። ነገር ግን በዚያው ጉድጓድ፣ ባገለገለ ነዳጅ ውስጥ የሚገኘው ሌላው አደገኛ ነገር፣ ፕሉቶኒየም 239፣ አብሮ ተቀብሮ ቢሆን ኖሮ፣ ግማሽ ዕድሜው 24,000 ዓመት ያህል ስለሆነ፣ ዛሬ ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ እንዳለ ነበር። አርባውን የጤፍ ፍሬ «ትንሽ ነው» ብለን ማለፍ የማንችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ በኋላ ምሳሌዎቹን ለሁለቱ ወገኖች ያከፋፍሉ። ፊንላንድ ኦልኪሉኦቶ ላይ ኦንካሎ የተባለ ዋሻ ከ400 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ፣ ወደ 1.9 ቢሊዮን ዓመት ዕድሜ ባለው አለት ውስጥ ቆፍራለች፤ ነዳጁ በብረት ማቀፊያ ሆኖ በመዳብ በርሜል ይታሸጋል፣ በርሜሉ ውሃ ሲነካው በሚያብጥ ቤንቶናይት በተባለ ሸክላ ይከበባል፣ በ2024ም እውነተኛ ነዳጅ ሳይገባ የሙከራ ሥራ ተጀምሯል። ተፈጥሮም ቀድማ ሞክራዋለች፦ ጋቦን ውስጥ ኦክሎ በተባለ ስፍራ ከሁለት ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የዩራኒየም ክምችት በራሱ እንደ ሪአክተር ሠርቶ እንደነበር በ1972 የታወቀ ሲሆን፣ ከውጤቶቹ ብዙዎቹ ከነበሩበት እምብዛም አልራቁም። ይህ ለደጋፊው ነው። ለተቃዋሚው ደግሞ የጀርመን አሴ አለ፤ በአሮጌ የጨው ማዕድን ውስጥ ከ1967 እስከ 1978 ወደ 126,000 በርሜል ዝቃጭ ከተከማቸ በኋላ ውሃ እየገባበት ስለተገኘ፣ አሁን መልሶ ስለማውጣት ይታሰባል። አሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ባለው የጨው ማከማቻ ደግሞ በ2014 አንድ በርሜል ፈንድቶ ጨረር አምልጧል፤ መነሻው እርጥበት እንዲመጥ የተጨመረው የድመት አሸዋ (የቤት ድመት የምትጸዳዳበት) ከማዕድን ከተሠራው ወደ ዕፅዋት ከተሠራው ዓይነት መቀየሩ ነበር። አለቱ አላጠፋም፤ ሰው ተሳሳተ።

በመጨረሻ ጥያቄውን ወደ አገር ያምጡት። ሩሲያ በባንግላዴሽ ከምትሠራው የሩፑር ማመንጫ የሚወጣውን ያገለገለ ነዳጅ መልሳ ለመውሰድ በ2017 ተስማምታለች። ለኢትዮጵያም እንዲህ ያለ ውል ቢደረግ ምን ይቀራል? ዝቅተኛው ዝቃጭ ይቀራል፣ ዕድሜው ያለቀው ሪአክተርም ይቀራል፣ ሁለቱም በስምጥ ሸለቆ በተከፈለ፣ መሬቱ በሚንቀጠቀጥ አገር ቦታ ይፈልጋሉ። ተማሪዎቹ በኢትዮጵያ ካርታ ላይ የማይመርጡትን ቦታ በቀይ እንዲቀቡ ያድርጉ፤ የስምጥ ሸለቆውን፣ የወንዞቹንና የሐይቆቹን ዳር፣ ሰው የበዛበትን ደጋ ሲቀቡ ነጭ ሆኖ የሚቀረው ምን ያህል እንደሚጠብ ከማንኛውም ንግግር በላይ ያስረዳቸዋል።

ዳኝነቱን በተመለከተ፣ ነጥብ የሚሰጠው ቁጥሩ ከየት እንደመጣና ከምን ጋር እንደተነጻጸረ ለተናገረ ተማሪ ይሁን እንጂ ድምፁን ከፍ ላደረገ አይሁን። ጊዜ ከተረፈ ደግሞ ይህን አንድ መልመጃ ይጨምሩ። በየቡድኑ አንድ ነጭ ወረቀት ይስጡና ከ10,000 ዓመት በኋላ ለሚመጣ ሰው «እዚህ አትቆፍር» የሚል ምልክት እንዲሥሉ ይጠይቁ። በአማርኛ እንጻፍ የሚል አይጠፋም፤ የግዕዙን ብራና ዛሬ ከክፍሉ ስንቱ አንብቦ እንደሚረዳው ይጠይቁት። ሠላሳ ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ሥዕሎቹን ይሰብስቡና ስለ ክርክሩ ምንም ላልሰሙ የሌላ ክፍል ተማሪዎች ያለ ማብራሪያ ሰጥተው ምን እንደተረዱ ያስጽፏቸው።