የድሮን ክፍል መንደፊያ ሶፍትዌር ስትመርጡ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ደሴ ውስጥ ድሮን መሥራት የሚጀምር ልጅ ሲያገኘኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «የትኛውን ሶፍትዌር ልጫን?» ብሎ ነው። ብዙ ጊዜ የሚባክነው እዚህ ላይ ስለሆነ በየጊዜው የማያቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

አንደኛው በስም መምረጥ ነው። ሶሊድዎርክስ የፋብሪካ ሰዎች መሣሪያ ነው። የንግድ ፈቃዱን ዋጋ የጀማሪ ኪስ አይችለውም። ክራክ (ያለ ክፍያ እንዲሠራ የተሰበረ ኮፒ) ፍለጋ የሚገባ ደግሞ ቫይረስ ተሸክሞ ይወጣል። ይቅርባችሁ።

ሁለተኛው ኢንተርኔትን መርሳት ነው። ቲንከርካድና ኦንሼፕ ብሮውዘር ላይ ነው የሚሠሩት፤ ዋይፋይ ሲቋረጥ ሥራውም ይቆማል። በነፃው ኦንሼፕ የምትሠሩትን ደግሞ ማንም ሰው ማየት ይችላል። ፍሪካድ ነፃ ነው፤ አንዴ ካወረዳችሁት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

እኔን ያቃጠለኝ ግን ሦስተኛው ነው፤ ልኬቱን በኋላ በቀላሉ መቀየር በማይቻልበት ሶፍትዌር መጀመር። የመጀመሪያዎቹን የድሮን ክንዶች የሠራሁት ብሌንደር ላይ ነበር። ብሌንደር ለአኒሜሽን ግሩም ነው። የሞተር ማሰሪያ ቀዳዳዎቹን ልክ 3 ሚሊሜትር አደረግኳቸው፤ ብሎኑ ኤም3፣ ማለትም ባለ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ነዋ። ስሪዲ ፕሪንተር ያለው ወዳጄ ኮምቦልቻ ስለሆነ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ አሳተምኩ። ብሎኑ እምቢ አለ። ፕላስቲክ ሲታተም ቀዳዳው ትንሽ ይጠባል፤ 3.2 ወይም 3.3 መሆን ነበረበት። ደሴ ተመልሼ አራት ክንድ፣ በእያንዳንዱ አራት ቀዳዳ፣ ብሌንደር ላይ አንድ በአንድ ሳሰፋ አመሸሁ። ፍሪካድ ወይም ፊውዥን የሚባለው የንድፍ ሶፍትዌር ላይ ልኬቶቹን አያይዤ ብሠራው ኖሮ አንድ ቁጥር ስቀይር ሌላው ሁሉ ይከተል ነበር።

ልኬት ካነሳን አይቀር፣ ፕሮፔለራቸው 5 ኢንች በሆነ ብዙ ድሮኖች ሞተር ላይ «16 በ16» ሚሊሜትር የሚባለው የማሰሪያ ቀዳዳዎቹ የሚሠሩት ካሬ ጎን አይደለም። ፊት ለፊት በሚተያዩ ሁለት ቀዳዳዎች መካከል ያለው ርቀት ነው። የበረራ መቆጣጠሪያው ቦርድ 30.5 በ30.5 ሚሊሜትር ግን እውነትም ቀዳዳዎቹ የሚሠሩት ካሬ ጎን ነው። ሁለቱን እያምታታ ስንቱ ፕላስቲክ አበላሸ! ከመሳላችሁ በፊት በካሊፐር (ትንንሽ ርቀት በትክክል በሚለካው መሣሪያ) ለኩ።

ሌላው ኤስቲኤል ፋይሉን ብቻ ማስቀመጥ ነው። እሱ ለፕሪንተር ነው፤ ለማስተካከል አይመችም። ዋናውን ፋይል ፍላሽ ላይም ያዙት።

ቲንከርካድን አትናቁት። የመጀመሪያውን ሳምንት እሱ ላይ የካሜራ መያዣ ሥሩ። ክንድ ስትጀምሩ ወደ ፍሪካድ እለፉ።