ቢሮ ተቀምጠን እየዋልን ለሰርፊንግ ብቁ ሆነን የምንቆየው እንዴት ነው?

ሰርፊንግ በፎቶ ሲታይ ቦርድ በሚባል ረጅም ተንሳፋፊ ሰሌዳ ላይ ቆሞ የባሕር ማዕበል መጋለብ ይመስላል። ውሃው ውስጥ ያለው እውነት ግን ሌላ ነው። ሰርፈር አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው ቦርዱ ላይ በሆዱ ተኝቶ በእጁ ሲቀዝፍ፣ አለዚያም ተቀምጦ ማዕበል ሲጠብቅ ነው። ቆሞ የሚጋልብበት ጊዜ ቢደመር ከጠቅላላው አንድ አስረኛ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ቀድሞ የሚዝለው እግር ሳይሆን ትከሻና ጀርባ ነው።

ወንበር ደግሞ የሚጎዳው እነዚህኑ ነው። ኮምፒውተር ላይ አቀርቅረን ስንውል ትከሻችን ወደ ፊት ይጎብጣል። የላይኛው ጀርባችን ይደርቃል። ከዳሌ ፊት ለፊት ያሉት ጡንቻዎች ይኮማተራሉ። ቦርድ ላይ ግን ደረትን ቀና አድርጎ መቅዘፍና በቅጽበት ብድግ ማለት ያስፈልጋል። ሩጫና ስኳት (ጉልበት አጥፎ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) ብቻቸውን የማይበቁትም ለዚህ ነው። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ግን እኔን ብትጠይቁኝ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ወንበር ያሰረውን መፍታት፣ ቀጥሎ ለመቅዘፍ ጉልበት ማጠራቀም፣ ከዚያ ሌላው።

1. በሥራ ሰዓት ሰውነትን መፍታት

በየ30 ወይም 40 ደቂቃው ከወንበር ተነሱ። ከባዱ ነገር ማስታወሱ ስለሆነ ስልካችሁ ላይ አላርም ሙሉ። ስትነሱ ከሚከተሉት አንዱን ብቻ ብትሠሩ ይበቃል።

ለጀርባ፦ የማይንሸራተት ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ እጆቻችሁን ከጭንቅላት ጀርባ አቆላልፉ። መደገፊያው ከትከሻ ዝቅ ብሎ ጀርባችሁን ሲነካ አየር እያስወጣችሁ በዝግታ ወደ ኋላ ተለጠጡ። ከ5 እስከ 8 ጊዜ ድገሙት። መታጠፍ ያለበት የላይኛው ጀርባ ነው። ወገባችሁ ላይ ከተሰማችሁ ሆዳችሁን ጠበቅ አድርጉና መለጠጡን ቀንሱ።

ለዳሌ፦ አንድ ጉልበት መሬት ላይ አንበርክኩ፣ ሌላውን እግር ከፊት አድርጉ። ባንበረከካችሁት እግር በኩል ያለውን መቀመጫችሁን አጥብቃችሁ ሳለ በጥቂቱ ወደ ፊት ተጠጉ። ለ30 ሰከንድ ቆዩ፣ ከዚያ እግር ቀይሩ። ብዙ ሰው መቀመጫውን ማጥበቅ ይረሳና ወገቡን ብቻ አጉብጦ ይነሳል። ያኔ ዳሌው ምንም አልተፍታታም።

ለቁርጭምጭሚት፦ ተረከዝ ከመሬት ሳይነሳ ቁጢጥ ብላችሁ ቆዩ። ተረከዛችሁ የሚነሳ ከሆነ ለጊዜው መጽሐፍ አንጥፉበት።

2. ለመቅዘፍ መዘጋጀት

ከሁሉም በላይ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ይሄ ነው። ገንዳ ካገኛችሁ ዋናን የሚተካ ነገር የለም። ግን ዝም ብሎ በአንድ ፍጥነት መመላለስ ብቻውን አያዘጋጅም። ባሕር ላይ መቅዘፍ ረጋ ያለ ጉዞና ድንገተኛ ሩጫ የተቀላቀለበት ነው። ማዕበል ሲመጣ ለጥቂት ሰከንዶች ያላችሁን ሁሉ ትሰጣላችሁ፤ ከዚያ ወዲያው ሌላ ሊከተል ይችላል። ስለዚህ 10 ደቂቃ በረጋ ፍሪስታይል፣ ማለትም በሆድ ሆናችሁ እጆቻችሁን እያፈራረቃችሁ በመዋኘት፣ አሟሙቁ። ቀጥሎ 25 ሜትር በፍጥነት ዋኙ፣ 20 ሰከንድ ዕረፉ፤ ይህን 8 ጊዜ ድገሙት። የተወሰኑትን ዙሮች በእግሮቻችሁ መካከል ተንሳፋፊ ይዛችሁ በእጅ ብቻ ሂዱ። ቦርድ ላይ እግር አያግዝማ።

ገንዳ የለም? የስፖርት ላስቲክ ከማይነቃነቅ ነገር ጋር እሰሩ። ከወገባችሁ ጎንበስ ብላችሁ፣ ጀርባችሁን ቀጥ አድርጋችሁ እጆቻችሁን እያፈራረቃችሁ ወደ ዳሌ ሳቡ። 30 ሰከንድ ሥራ፣ 30 ሰከንድ ዕረፍት። ትከሻችሁ ወደ ጆሮ እንዳይወጣ ተጠንቀቁ፤ የትከሻ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዚያ ጋ ነው።

በዚያ ላይ በሆድ ተኝታችሁ ደረታችሁን ከመሬት ጥቂት ከፍ አድርጋችሁ ለ20 ሰከንድ መቆየትን ጨምሩ። ክርኖቻችሁን አጥፋችሁ ወደ ጎን፣ አውራ ጣቶቻችሁን ወደ ላይ አድርጉ። ለሦስት ዙር። ቀላል ይመስላል፤ ሦስተኛው ዙር ላይ ግን አንገታችሁና ጀርባችሁ ይነግሯችኋል።

3. ብድግ ማለትን መለማመድ

ምንጣፍ ላይ በሆድ ተኙ። መዳፎቻችሁን ከታችኛው የጎድን አጥንታችሁ አጠገብ አስቀምጡ። ዓይናችሁ ወደ ፊት ይሁን። መሬቱን ገፍታችሁ የፊት እግራችሁን በሁለቱ እጆች መካከል፣ የኋላውን ደግሞ ከኋላው አሳርፉ። ጉልበት ታጥፎ፣ ደረት ቀና ብሎ መጨረስ አለባችሁ። በጉልበት መንበርከክ ከለመዳችሁ ውሃ ላይም አይለቃችሁም፤ ስለዚህ መጀመሪያ በዝግታ፣ ግን በትክክል ሥሩት። በቀን 10 ጥሩ ሙከራ ከ50 የተዝረከረከ ይሻላል። እግራችሁ ሲርመጠመጥ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ጉልበት ማነስ ሳይሆን የደረቀ ዳሌ ስለሆነ ወደ አንደኛው ክፍል ተመለሱ።

ለእግር ስኳትና በአንድ እግር መቆም በቂ ነው።

4. ትንፋሽ

ማዕበል ሲጥላችሁ ውሃ ሥር የምትቆዩት አብዛኛውን ጊዜ ለጥቂት ሰከንዶች ነው። አየር የሚጨርሰው ድንጋጤ ነው። የብስ ላይ ተለማመዱት፦ ደረጃ በፍጥነት ወጥታችሁ ልባችሁ ሲመታ ቀስ ብላችሁ በአፍንጫ ተንፍሱ። ትንፋሽ መያዝን ግን ውሃ ውስጥ ብቻችሁን በፍጹም አትሞክሩ። ከመጥለቅ በፊት ደጋግሞ በኃይል መተንፈስም አደገኛ ነው። ተንፍስ ተንፍስ የሚለውን ስሜት የሚያመጣው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠራቀም ነው። እሱን አስቀድማችሁ ካራገፋችሁት ሰውነት ሳያስጠነቅቅ ራሳችሁን ልትስቱ ትችላላችሁ።

ሳምንቱን ማቀድ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ቢያንስ 2 ቀን ደግሞ ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ እንዲሠሩ ይመክራል። ሁለት ቀን ዋና፣ ሁለት ቀን 25 ደቂቃ የላስቲክና የወለል ሥራ፣ በየቀኑ ደግሞ ትንሽ መፍታታት ብትሉ ከዚያ ብዙም አትርቁም። ሥራ በዝቶ ሳምንቱ ከተበላሸ ሌላውን ዝለሉ እንጂ የገንዳውን ዋና አትተዉ።

ከወራት በኋላ ወደ ባሕር ስትመለሱ የመጀመሪያውን ቀን ከአንድ ሰዓት አታስበልጡት። በየመሃሉም ቦርዱ ላይ ተቀምጣችሁ ጀርባችሁን አሳርፉ። በተለይ ጀማሪዎች ላይ አልፎ አልፎ የሚደርስ የህብለሰረሰር ጉዳት አለ። ጀርባን ወደ ኋላ ለጥጦ በሆድ ለረጅም ጊዜ ከመተኛት ጋር ይያያዛል። ድንገተኛ የጀርባ ሕመም ከተሰማችሁና እግራችሁ ከደነዘዘ ወይም ከዛለ ወዲያው ከውሃ ውጡ። ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ቤት ሂዱ።