በገመድ የምትመራ የመኪና ማሻገሪያ ጀልባ፦ ችግርና መፍትሄ

እዚህ የምናየው ሞተር የሌላትን ጀልባ ነው፤ በካናዳ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ ሊተን አጠገብ የፍሬዘርን ወንዝ የምታሻግረውን ዓይነት። ጎን ለጎን የተያያዙ ሁለት ተንሳፋፊ ታንኮች ሁለት መኪና የሚይዝ ወለል ተሸክመዋል። ከዳር እስከ ዳር በአየር ላይ የብረት ገመድ ተዘርግቷል፤ በእሱ ላይ እየተሽከረከረ ከሚሄደው ፑሊ (ገመዱ የሚያልፍበት ጎድጓዳ ጎማ) ሁለት ማሰሪያዎች ወደ ጀልባዋ ይወርዳሉ። ታንኮቹ ለውሃው ሰያፍ ሲሆኑ ወንዙ ራሱ ይገፋታል። ችግር ሲመጣ ብዙ ሰው ገመዱን ለማጥበቅ ይሮጣል፤ እሱ ግን መጨረሻ የሚሞከር ነገር ነው።

ከዳር አልነሳም ስትል

ብዙውን ጊዜ ውሃ ጎድሎ አፍንጫዋ አሸዋ ነክቷል። በአሸዋው በኩል ያለውን መኪና ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ወንዙ በኩል ያስጠጉና ታኮ ያድርጉለት፣ ከዚያ በረጅም እንጨት ይግፏት። ዳር ዳሩን ውሃው ቀርፋፋ ነውና አንግሉን (ታንኮቹ ለውሃው ያላቸውን ሰያፍነት) ቀስ እያሉ ይጨምሩ። እየጨመሩት ፍጥነቷ ከቀነሰ ልኩን አልፈዋል፤ ትንሽ ይመልሱ።

መሃል ላይ ስትቆም ወይም ስትንገጫገጭ

ቀና ብለው ፑሊውን ይዩ። ከጀልባዋ ኋላ ቀርቶ ማሰሪያዎቹ ከወትሮው በላይ ወደ ኋላ ከተለጠጡ የተያዘው ፑሊው ነው። እኩል እየሄደ ከሆነ ግን ጥፋቱ ከታች ነው፤ በታንኮቹ መሃል ግንድ ሳይገባ አይቀርም። በሁለቱም ጊዜ መጀመሪያ ታንኮቹን ከፍሰቱ ጋር ትይዩ ያድርጉ፣ ግፊቱ ይቀንሳል። ከዚያ አንግሉን ገልብጠው ወደ ተነሳችበት ዳር ይመልሷት። ወንዝ መሃል ሆኖ ፑሊ ለመፍታት መውጣት አይሞከርም።

መንገጫገጩ የት የት እንደሆነ ልብ ይበሉ። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከሆነ ችግሩ ገመዱ ላይ ነው። በእኩል ርቀት ከተደጋገመ ፑሊው ነው፤ ዲያሜትሩ 300 ሚሊ ሜትር የሆነ ፑሊ ጉዳቱን በየ94 ሳንቲ ሜትሩ ያሳያል። ኩሽኔታው በእጅ ሲዞር ከሻከረ ግራሶ አያድነውም፣ ይቀየር። ገመዱን ደግሞ ወፍራም ጓንቲ አድርገው በጨርቅ ይጥረጉት፤ የተበጠሰ ሽቦ ጨርቁን ይይዘዋል። አንድ ፈትል ሙሉ ዙር በሚጠመዘዝበት ርዝመት ውስጥ ከ2 በላይ የተበጠሰ ሽቦ ካለ፣ ወይም ጫፉ ክላምፑ (የታጠፈውን የገመድ ጫፍ የሚይዘው ማጥበቂያ) ዘንድ ከ1 በላይ ካለ፣ ገመዱ ከሥራ ይውጣ።

ገመዱ ሲረግብ

ክላምፖቹ ተንሸራትተው ይሆናል። ከመጨረሻው ክላምፕ ኋላ ቀለም ቀብተው ከነበረ ወዲያው ይታያል። ለ19 ሚሊ ሜትር ገመድ 4 ክላምፕ፣ በመካከላቸው 115 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ዳዶው በ176 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል። ኮርቻው (ገመዱ የሚያርፍበት የክላምፑ አካል) ጭነት በሚሸከመው ገመድ ላይ፣ ዩ ቅርጽ ያለው ቡሎን በአጭሩ ጫፍ ላይ ይሁን፤ ተገልብጦ ሲታሰር ዋናውን ገመድ ይሰብረዋል። ከመጀመሪያው ጭነት በኋላ ዳዶዎቹ እንደገና ይጠበቁ። ክላምፑ ደህና ከሆነ የምሰሶውን መዝመምና የመልሕቁን መንቀሳቀስ ይፈትሹ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ማጥበቅ ካስፈለገ፣ ርግበቱ (ገመዱ መሃል ላይ ወደ ታች የሚወርደው መጠን) ሲሠራ ከነበረው እንዲያንስ አድርገው አያጥብቁ። ርግበቱ በግማሽ ሲቀንስ ያው ጭነት በገመዱ ላይ የሚያመጣው ውጥረት ወደ እጥፍ ይጠጋል። ወንዙም የራሱን ይጨምራል፦ የውሃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ነው። በሙላት ጊዜ መፍትሄው ሥራ ማቆም ነው።

አንድ ጎኗ ሲዘቀዝቅ

በጉዞ ላይ የላይኛው፣ ማለትም ውሃው የሚመጣበት ጎን ከሰመጠ፣ ሳይዘገዩ አንግሉን ይልቀቁት፣ ታንኮቹ ከፍሰቱ ጋር ትይዩ ይሁኑ፤ ጀልባዋ የምትገለበጠው ይህ ጎን ሲሰምጥ ነው። ዳር ቆማ ባዶዋን ከዘቀዘቀች ታንኩ ውሃ አስገብቷል። 5 በ2 ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ 10 ሳንቲ ሜትር ውሃ ብቻ አንድ ቶን ይመዝናል፤ ያውም ወደ ዘቀዘቀው ጎን ይሮጣል። ክዳኑን ከፍተው በዘንግ ይለኩ፣ በፓምፕ ያውጡ፣ የክዳኑን ጎማና ብየዳውን ይፈትሹ። ጭንቅላት ግን አይግባ! ተዘግቶ የቆየ የብረት ታንክ ውስጥ ዝገቱ ኦክስጅኑን ስለሚበላው ሰው ሳያውቀው ራሱን ይስታል። አየሩ በመሣሪያ ሳይለካ ማንም አይገባም።

መኪና ሲገባ ጀልባዋ ከዳር ስትሸሽ

የሚነዱት ጎማዎች ወለሉን ወደ ኋላ ይገፉታል። ጀልባዋን ከዳር የሚያስሩት ሁለቱም ሰንሰለቶች ሳይታሰሩ መኪና አይጠራ፤ ሹፌሩም መወጣጫው ላይ ነዳጅ ሳይሰጥ፣ ሳይቆም፣ በቀስታ ይግባ።