«አብሽሩ፣ ዋስትና አለው» ካልኩ በኋላ

ታኅሣሥ 2017 ላይ ደሴ ያለው መሥሪያ ቤታችን ሰርቨር ተበላሸ። መዝገባችን ዋስትናው እስከ ሰኔ 5 ቀን 2017 ይቆያል ስለሚል ኃላፊያችንን «አብሽሩ፣ ዋስትና አለው» አልኳቸው። አቅራቢው ግን መስከረም ላይ አልቋል አለኝ። ተቆጥቼ ዶሴውን አወጣሁ። ወረቀቱ 5/10/2024 ይላል፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 5 ማለት ነው። የመዘገበው ሰው ዓመቱን ብቻ ወደ እኛ አቆጣጠር መልሶ ቀኑንና ወሩን እንዳሉ ትቷቸዋል። ትክክለኛው መስከረም 25 ነበር። ጥፋቱ የእኛ ስለሆነ ከፍለን አስጠገንን።

ከዚያ ሁለት ቀን አቧራ እየቃምኩ በካርቶን የተከማቹትን ውሎች ሁሉ አንድ የኤክሴል ሰንጠረዥ ላይ አሰፈርኩ። ወር የሚጻፈው በስም ብቻ ነው፤ በቁጥር ክልክል። የፈረንጆቹ ቀን የራሱ ዓምድ አለው። ማብቂያው 90 ቀን ሲቀረው መስመሩ ቀይ ይሆናል። የውል ማስከበሪያ የባንክ ዋስትናዎችንም (አቅራቢው ውሉን ባይፈጽም ባንኩ ሊከፍለን የገባበትን ወረቀት) ጨመርኩ፤ አንዱ ከውሉ ቀድሞ የሚያልቅ ሆኖ ስላገኘሁት አቅራቢው እንዲያሳድሰው ጻፍኩለት፤ በሳምንቱ አመጣው። አዲስ የጥገና ውል ሲዘጋጅ ደግሞ ማብቂያው ሰኔ 30 ላይ እንዳይውል እከራከራለሁ፤ በጀት በሚዘጋበት ሰሞን ፈራሚ ማግኘት ጭንቅ ነው።