ዳግም አረቄና ቬፕ

የጅማ ልጆች፣ ቬፕ (ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) መሸጥ በአዋጅ 1112/2011 እንደተከለከለ አውቃለሁ፤ ግን ፈሳሹን ቤት የሚቀምም ስላለ ልንገራችሁ። ሲወፍርባችሁ በዳግም አረቄ አታቅጥኑት። ዳግም የሚባለውም ቢሆን ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው፣ አልኮሉ ደግሞ በ78 ዲግሪ ሲፈላ ፈሳሹን የሚያወፍረው ግሊሰሪን 290 ስለሚፈልግ ቀድሞ የሚተነው አልኮሉ ነው፣ ጉሮሮ ይልጣል። እኔ ሞክሬው ትኩስ ጠብታ ምላሴ ላይ ተፈናጠረ። ለጣዕም ብሎ ቡና አረቄ ውስጥ ዘፍዝፎ መጨመርም ይቅር፣ ዘይቱ ለሳንባ አይሆንም። የእጅ ማጽጃ አልኮልማ ጭራሽ! ሜታኖል ሊኖርበት ይችላል።

አረቄዋን ለታንኩ፣ ማለትም ለቬፑ ፈሳሽ መያዣ፣ ማጠቢያ አድርጓት። ባትሪውን ነቅላችሁ፣ ፈሳሹን የሚመጠውን ጥጥ አውጥታችሁ፣ ከቡናው ከሰል ራቅ ብላችሁ እጠቡት። ሽታው እስኪጠፋ መስኮት ላይ ይደር።