ሞተሩ ከማንኳኳቱ በፊት፤ ብሮንዚን መቼ ይከፈታል?

የምኖረው ሱሉልታ ነው። ከአስፋልቱ ወርጄ ቤቴ እስክደርስ ያለው መንገድ ድንጋይ ብቻ ነው። መኪናዬ ኮሮላ ናት፤ 280 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዳለች። አንድ ቀን እንጦጦን ወጥቼ ስመለስ ትራፊክ አስቆመኝ። ሞተሩ በሚኒሞ (ቤንዚን ሳይረገጥ) እየሠራ የዘይት መብራቷ ብልጭ አለች። ቤንዚን ስሰጣት ጠፋች።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ «ሴንሰር ነው» ብሎ ቀየረልኝ። መብራቷ በሳምንቱ ተመለሰች። ሁለተኛው መካኒክ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍቱ ከስር ገቡና ኮፓውን፣ ከሞተሩ ስር ያለውን የዘይት ማጠራቀሚያ፣ በእጃቸው ዳሰሱት። «ልጄ፣ ይሄን ድንጋይ የት አገኘኸው?» አሉኝ።

ኮፓው ሲወርድ ሁሉም ነገር ታየ። ድንጋዩ ላሜራውን ወደ ላይ ገፍቶ የዘይት መሳቢያው ወንፊት ላይ ሊያስነካው ምንም አልቀረውም። ዘይቱ ኮፓው ውስጥ ሞልቶ ሳለ ፖምፓው የሚስበው አጥቶ ኖሯል። የአንዱን ቢየላ (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኘው ዘንግ) ብሮንዚን ሲያወጡት ደብዛዛ ግራጫ መሆን የነበረበት ገጽ መሀሉ ላይ ተልጦ መዳቡ ወጥቷል። ሞተሩ ግን ገና አላንኳኳም ነበር። ይህን የምጽፈው በዚያ መሀል ባለችው ጊዜ ምክንያት ነው። ስንቱ መኪና በዚያች ጊዜ ችላ ተብሎ ሞተር ይወርድበታል።

ብሮንዚን ኩሽኔታ አይደለም፤ ኳስ የለውም። በክራንኩ (ፒስተኖቹ በሚያዞሩት የሞተሩ ዋና ዘንግ) እና በቢየላው መሀል የሚቀመጥ፣ ለሁለት የተከፈለ ቀጭን ቀለበት ነው። በእሱና በክራንኩ መሀል ያለው ክፍተት በብዙ መኪና ከ0.02 እስከ 0.05 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከጸጉር ይቀጥናል። ያቺን ክፍተት ዘይት ከሞላት ብረት ብረትን አይነካም። ስለዚህ ብሮንዚን ብዙውን ጊዜ በዕድሜ ብቻ አይሞትም፤ የገደለው አለ። ገዳዩን ሳይፈልጉ አዲስ ብሮንዚን መግጠም አዲሱንም ማስበላት ነው።

መብራቷ ሲሞቅ ብቻ፣ በሚኒሞ ብልጭ ትላለች

መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፤ የዘይት መጠኑን እዩ። ጎድሎ ከሆነ ሙሉ፤ ግን ለምን እንደጎደለ ፈልጉ። ልኩ ላይ ከሆነ ሴንሰሩን አስፈትታችሁ በቦታው የግፊት መለኪያ ጌጅ አስገጥሙ። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ይለካ። በመካኒኮች ዘንድ የተለመደው ግምት በየ1000 ዙሩ 10 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ገደማ ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር የአምራቹ መመሪያ ላይ አለ። ግፊቱ ደህና ከሆነ ያኔ ሴንሰር ቀይሩ። ያለ ጌጅ ሴንሰር መቀየር ግምት ነው። መብራቷ የምትበራው ግፊቱ እጅግ ሲወርድ ስለሆነ፣ እሷ ስትናገር ነገሩ ቆይቷል።

ጌጁ ግፊት አነስተኛ ነው ካለ ኮፓው ይውረድ። ከከተማ ወጣ ብለን የምንኖር ሰዎች መጀመሪያ የምንጠረጥረው የተጎዳ ኮፓ ይሁን። ቀጥሎ ወንፊቱ ነው። በፊት ኮፓው ሲገጠም ሲሊኮን አብዝተው ከቀቡት ትርፉ ወደ ውስጥ ይፈሳል፤ ደርቆ ይረግፍና ወንፊቱን ይደፍናል። በስስ መቀባት የሚበቃውን እንደ ጥርስ ሳሙና ሲጨምቁት ቆሜ አይቻለሁ፤ በጣም ያናድደኛል።

ሞተሩ ያንኳኳል

ድምፅ ሁሉ ብሮንዚን አይደለም። ከላይ፣ ከቴስታታ (ከሞተሩ የላይኛው ክዳን) በኩል የሚመጣ ቀጭን ጠቅ ጠቅ በብዛት የቫልቭ ነው። ጠዋት ሲነሳ ኖሮ ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ ፒስተን ሊሆን ይችላል። የቢየላ ብሮንዚን ግን ሲሞቅ ይብሳል። ቤንዚን ሰጥታችሁ በ2000 ዙር ገደማ ያዙትና ቀስ ብላችሁ ልቀቁ፤ ኳ ኳ የሚለው ያኔ ይጎላል። የዋናው ብሮንዚን (ክራንኩ ከሞተሩ ገላ ጋር የሚያያዝበት) ደግሞ ድምፁ ወፍራም ነው፤ ዳገት ላይ፣ ጭነት ሲበዛ ይሰማል።

ለማረጋገጥ መካኒኩ የኢንጀክተር (የነዳጅ መርጫ) ሶኬቶችን አንድ በአንድ፣ ለአጭር ጊዜ ይንቀል። አንዱ ሲነቀል ድምፁ ከቀነሰ ጥፋቱ እዚያ ሲሊንደር ላይ ነው። ድምፁ የብሮንዚን ከሆነ መኪናው ከዚያ በኋላ አይነዳ። «እስከ ሰፈር ልድረስ» የሚለው ኪሎ ሜትር ብሮንዚኑን ከቦታው ያዞረዋል፤ ያኔ ክራንክና ቢየላ አብረው ይሄዳሉ። በሎቤድ (መኪና በሚጭን መኪና) ጫኑት።

መኪና ልትገዙ ከሆነ ሞተሩ ሳይነሳ በቀዝቃዛው ተገኙ። ወፍራም ዘይት ጨምሮ ኳኳታውን የሚደብቅ ደላላ አይጠፋም። ሲሞቅና ዘይቱ ሲቀጥን ድምፁ ይመለሳል፤ ስለዚህ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ንዱት።

ዘይቱ ውስጥ የሚያብለጨልጭ ነገር አለ

ዘይት ስታስቀይሩ አሮጌውን በተቆረጠ ጀሪካን ተቀበሉና ፀሐይ ላይ አውጡት። ፊልትሮውንም አስቆርጣችሁ ወረቀቱን ዘርጉ። ማግኔት የሚስበው ብናኝ የብረት ነው። ማግኔት የማይስበው፣ ወርቅ ወይም ብር የሚመስለው ከብሮንዚን ሊሆን ይችላል። ዘይቱ ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል፤ መጀመሪያ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (ከስሩ ያለው ማሸጊያ) ይታይ።

ምልክት የለም፣ ኪሎ ሜትሩ ግን በዝቷል

ቢኤምደብሊው ኤም3 ባለ 8 ሲሊንደሩ፣ ከ2007 እስከ 2013 የተሠራው፣ በብሮንዚን የታወቀ ነው። ባለቤቶቹ ሳያንኳኳ አስቀድመው ይቀይሩታል። ለኮሮላና ለቪትዝ ግን በኪሎ ሜትር ብቻ ክፈቱ አልልም። ኮፓው በሌላ ምክንያት ከወረደ፣ ወይም መኪናዋ ዘይት ጎድሎባት ከተነዳች፣ አንድ ሁለት ቢየላ ተከፍቶ ይታይ። በብዙ መኪና የቢየላው ብሮንዚን ሞተር ሳይወርድ ከስር ይቀየራል። የዋናው ግን ክራንኩ መውረድ አለበት።

ሲቀየር ቆማችሁ እዩ። ክራንኩ በማይክሮሜትር ይለካ፤ ከተጫረ ወደ ማሽን ቤት ሄዶ ይሞረድ። ያልተነካ ክራንክ ስታንዳርድ ብሮንዚን ይወስዳል፤ የተሞረደ 0.25 ወይም 0.50 ሚሊ ሜትር የሚል። አሮጌው ብሮንዚን ጀርባ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። የአንዱ ቢየላ ክዳን ለሌላው አይገጠም፣ አቅጣጫውም አይገለበጥ። ብሮንዚኑ ጀርባ ላይ ዘይት አይቀባ፤ ፊቱ ላይ ይቀባ። ቡሎኖቹ በቶርክ መፍቻ ይጥበቁ፤ አንዳንዱ መኪና አዲስ ቡሎን ይጠይቃል። ሶማሌ ተራ፣ አዲስ አበባ ያለው የመለዋወጫ ገበያ፣ ደህና ያገለገለ ኮፓ ይገኛል፤ ያገለገለ ብሮንዚን ግን አትግዙ። ሞተሩ መጀመሪያ ሲነሳም የነዳጁ ፊውዝ ተነቅሎ የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ በሞተሪኖ (በማስነሻው ሞተር) ይዙር፤ ፊውዙ ከዚያ ይመለስ።

አነዳዴንም ቀይሬያለሁ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱን ሩብ ያህል ያጣል። ቤንዚን ለመቆጠብ ብዬ እንጦጦን በአራተኛ ማርሽ እያስጨነቅኩ እወጣ ነበር። በዝቅተኛ ዙር እንዲያ ማስጨነቅ ብሮንዚኑን በቀጥታ ይቀጠቅጠዋል። አሁን ወደ ሦስተኛ እወርዳለሁ።

ብሮንዚኑን ከቀየርኩ በኋላ የመጀመሪያውን ዘይት በ1000 ኪሎ ሜትር አወጣሁት። ፊልትሮውን ራሴ ቆርጬ ወረቀቱን ፀሐይ ላይ ዘረጋሁት፤ ምንም የሚያብለጨልጭ አልነበረም። በዚያው ሳምንት ከኮፓው ስር መከላከያ ላሜራ አሠራሁ። አሁን ላሜራው ላይ ሁለት አዳዲስ ጭረት አለ።