ፋይበርግላስ ሰም ከመቀባቱ በፊት

ፋይበርግላስ ጀልባና የሻወር መቆሚያ የመሰሉ ዕቃዎች የሚሠሩበት፣ በመስታወት ቃጫ የተጠናከረ ፕላስቲክ ነው። የላይኛው አንጸባራቂ ሽፋኑ ጄልኮት ይባላል። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ፀሐይ ሲበዛበት ላዩ እየሞተ ወደ ዱቄት ይለወጣል። በጥቁር ጨርቅ አሸት አድርጉት፤ ኖራ የመሰለ ነገር ጨርቁ ላይ ከቀረ ሰም ለመቀባት ገና ነው። በዱቄቱ ላይ የተቀባ ሰም ለጊዜው ያበራና ከነዱቄቱ ተላቆ ይሄዳል፤ ከዚያ ሰሙ ይታማል።

የደበዘዘውን ቦታ በውኃ አርጥቡት። እርጥብ ሳለ የድሮ ቀለሙ ከተመለሰ በፖሊሽ ይድናል። ከሥሩ የቃጫው መልክ ብቅ ካለ ግን ጄልኮቱ አልቋል፤ መፈተጉን ትታችሁ እንደገና ማስቀባት ነው።

መጀመሪያ በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና እጠቡት፤ ቅባቱንና የድሮውን ሰም ያነሳል። ከሰም በኋላ ባለው እጥበት ግን ይህን ሳሙና አታስጠጉት፣ አዲሱንም ሰም ያሳሳዋልና።

ድብዛዜው ቀላል ከሆነ ኮምፓውንድ (ከፖሊሽ ሻከር ያለ መፈተጊያ ቅባት) ብቻ ይበቃል። ከጠና በ1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ በ1500፣ ውኃ እያጠጣችሁ ፈትጉ። ኮምፓውንዱን በሱፍ ፓድ፣ የፖሊሽ ማሽኑን በደቂቃ ከ1200 እስከ 1500 ዙር አድርጋችሁ፣ 60 በ60 ሳንቲ ሜትር እየከፈላችሁ ሥሩ። ማሽኑ አንድ ቦታ ከቆመ ጄልኮቱን ያቃጥለዋል። በየመሃሉ በእጃችሁ ጀርባ ንኩት፤ ሞቅ ማለቱ ችግር የለውም፣ እጅ የማያስቆይ ከሆነ ግን ፋታ ስጡት። ጠርዝና ማዕዘን ላይ ሽፋኑ ቶሎ ስለሚበላ እዚያ በእጅ ሥሩ፣ ወይም በወረቀት ቴፕ ሸፍኑት። የሱፉ ክብ ጭረት እንዲጠፋ በስፖንጅ ፓድ ፖሊሽ አድርጉ። ይህ ሁሉ ከሰሙ ይልቅ ጊዜ ይበላል፤ ጥሩ የሚያወጣውም ይኸው ነው።

ሰሙን ጥላ ውስጥ፣ ገጹ ከቀዘቀዘ በኋላ ቀቡ። የጋለ ገጽ ላይ ሰሙ ቶሎ ደርቆ ይጣበቅና ለመጥረግ ያስቸግራል። ለአንድ ክፍል የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ይበቃል። ጭጋግ ሲመስል በጣት ሳብ አድርጉት፦ ጣቱ ያለፈበት ጥርት ካለ ደርቋል፣ ከተዝለገለገ ጠብቁ። በንጹሕ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ጥረጉ፤ ጨርቁን ቶሎ ቶሎ አገላብጡ። አወፍራችሁ ብትቀቡት ትርፉ ወደ ጨርቁ ይሄዳል እንጂ ገጹን አይጠብቅም። ሁለተኛውን ዙር በማግስቱ ድገሙት፣ በመጀመሪያው ያመለጠውን ይሸፍናል።

ከዘንባባ ቅጠል የሚገኘው የካርናውባ ሰም መልኩ ያምራል፣ ሙቀት ላይ ግን ቶሎ ያልቃል። ውጭ ለሚውል ዕቃ ሰው ሠራሹን የፖሊመር ሰም እንመርጣለን።

እግር የሚረግጠው ቦታ፣ የጀልባ ወለልም ሆነ የሻወር መቆሚያ፣ ሰም አይነካውም፤ ያንሸራትታል። ጨው ውኃ የነካውን በዚያው ቀን በንጹሕ ውኃ አለቅልቁ። ውኃ እንደ ዶቃ መንከባለሉን ትቶ መለጠፍ ሲጀምር ሰሙ አልቋል፤ ዱቄቱ እስኪመለስ አትጠብቁ፣ አጥባችሁ አንድ ዙር ቀቡ።